የአስተርጓሚው ሙሽራ

ዙሌይካ ኢምራንን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው ሲዋሽ ነው።

ጎንደር፣ ቅዳሜ ገበያ፣ በአባቷ በሐጂ ዐብዱረሕማን የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ ነበር። በመተማ በኩል የመጣ አንድ ሱዳናዊ ነጋዴ ባንኮኒውን በመዳፉ እየደበደበ ይጮኻል። ያዘዘው ጨርቅ ሌላ፣ የደረሰው ጨርቅ ሌላ ሆኖበታል። ሐጂ ዐብዱረሕማን የቁርኣኑን እንጂ የገበያውን አረብኛ አያውቁም፤ ነጋዴውም ከሰላምታ ያለፈ አማርኛ የለውም። ሁለቱም ድምፃቸውን ከፍ ባደረጉ ቁጥር የሚግባቡ ይመስል ይጯጯሃሉ።

ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ አንድ ወታደር በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ዙሌይካ ከስፌት መኪናዋ ጀርባ ተቀምጣ ሱሪውን ተቀብላዋለች፤ ገና አልለካችውም። ወታደሩ ጠጋ አለና ነጋዴውን ውሃ በመሰለ የሱዳን አረብኛ ሰላም አለው። ነጋዴው ወደ እሱ ዞሮ የተጠራቀመ ንዴቱን ሁሉ አራገፈበት።

«ምን ይላል?» አሉ ሐጂ።

«‹ሐጂ የታመኑ ሰው መሆናቸውን ገዳሪፍ ድረስ ሰምቼ ነው የመጣሁ። ምናልባት ዕቃ ያስጫነው ሰው ተሳስቶ ይሆናል› ነው የሚል።»

ዙሌይካ መቀሷን አስቀመጠች። ከአዲስ ዓለም ሰፈር መድረሳ የቀሰመችው አረብኛ ብዙ ባይሆንም «ውሸታም» የሚለውን ቃል ታውቀዋለች። ነጋዴው ደጋግሞ ብሎታል።

ሐጂ ግን ትከሻቸው ሲረግብ ታየ። «እንዲያ ከሆነማ በለው፤ ስሕተት ካለ ይታረማል። እንግዳ ነው፣ ይቀመጥ።»

ወታደሩ ያን ወደ አረብኛ መለሰው። ምን እንደጨመረበት እንጃ፣ ባንኮኒውን ሲደበድብ የነበረው የነጋዴው እጅ ወደ ደረቱ ሄደ። ጥቂት ቆይቶ ሁለቱ ሰዎች ሻይ እየጠጡ ስለ ጥጥ ዋጋ ያወሩ ነበር።

ወታደሩ ሱሪውን ሊወስድ በተመለሰ ቀን ዙሌይካ ቀና ብላ ሳታየው፣ «አንተ ዋሾ ነህ» አለችው።

«ምነው? ምን አደረግሁ?»

«ሰውየው ያለው ሌላ፣ አንተ ያልከው ሌላ።»

ደነገጠ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ሳቀ። «ሰምተሻላ! ታዲያ ለሐጂ ለምን አልነገርሽብኝም?»

ሱሪውን አጣጥፋ አቀበለችው።

«ሰው ሲናደድ የሚናገረው የልቡን አይደለም» አላት ሲቀበላት። «እኔ የልቡን ነው የተረጎምሁ።»

ኢምራን የእንፍራንዝ ልጅ ነው። በደርግ ጊዜ እናቱ ሃጂራ በጨቅላነቱ አዝለውት ወደ ሱዳን ተሻገሩ። አባቱ እዚያው ገዳሪፍ ሞተ። መንግሥት ተለውጦ እናትና ልጅ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ኢምራን ከአማርኛ ይልቅ አረብኛ የሚቀናው ልጅ ነበር። ካደገ በኋላ ወታደር ሆነ፤ ብዙ ቦታ ተዘዋውሮ በመጨረሻ አዘዞ ካምፕ ደረሰው።

ከዚያች የሱሪ ቀን ወዲህ ልብሱ መቀደድ አበዛ። አንድ ሳምንት ቁልፍ ይረግፋል፣ አንድ ሳምንት ኪስ ይተረተራል። የዙሌይካ እናት ወይዘሮ ዐዚዛ ነገሩ ገብቷቸዋል።

«ልጁ ምነው? እሾህ ላይ ነው እንዴ የሚተኛ?» ይላሉ፣ ሐጂ እንዳይሰሙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ዙሌይካ ፊቷን ወደ መኪናዋ ታዞራለች። ብቻቸውን ተቀምጠው አያውቁም። የሚነጋገሩት ክሩ ምን ዓይነት ቀለም ይሁን በሚል ሰበብ፣ ደንበኛ በመካከላቸው እየገባና እየወጣ ነው። አንዳንድ ቀን ምንም ሳይባባሉ ይለያያሉ። እሱ በሩ ላይ አንዴ ዞር ይላል፤ እሷ ያን ጊዜ ቀና ብላ ትጠብቀዋለች። በቃ፤ ሳምንቱ በዚያ ያልፋል።

የአክስቷ ልጅ ሙሽራይቱን ሊያመጣ ወደ ደባርቅ በሄደ ቀን፣ ሱቁ ውስጥ ተላምዶት የነበረው ኢምራን ከሚዜዎቹ አንዱ ሆኖ ተገኘ። ሰርገኛው መንገድ ላይ ኮሶዬ ወርዶ ምሳ በላ። ጉሙ ገና መነሣቱ ነበር፤ ብርዱ ጆሮ ይቆነጥጣል። ሴቶቹ ከምግብ ቤቱ ደጅ ፀሐይ ሲሞቁ ዙሌይካና ኢምራን ሰው ሁሉ እያያቸው ገደል አፋፍ ላይ ራቅ ራቅ ብለው ቆሙ።

«ያ ከታች የሚታየው የት ነው?» አለች።

«ቆላው ነው። ወደዚያ ዘልቆ ዘልቆ ሱዳን ይሆናል።»

«ይናፍቅሃል?»

አሰበ። «እዚያ ሳለን ልጆቹ ‹ሐበሻ፣ ወደ አገርህ ሂድ› ይሉኝ ነበር። እዚህ ስንመለስ ደግሞ ‹ሱዳኖቹ መጡ› ተባልን። የትም ብሄድ የወዲያኛው ወገን ነኝ።»

«እኛ ሱቅ ስትገባ እንዲያ ያለህ የለም።»

«የለም። አንቺ ዋሾ ብቻ ነው ያልሽኝ።»

ሳቀች። ነፋሱ ሻሿን ሲገፋባት በሁለት እጇ ያዘችው። እሱ ፊቷን ላለማየት ቆላውን ያይ ነበር፤ ግን አላየውም።

«ዙሌይካ፣ ሽማግሌ ልላክ?»

የሻሿን ጫፍ ቋጠረች፤ ፈታች፤ መልሳ ቋጠረች። እንቢታ መስሎት ሊርቅ ሲል፣ «አባዬ ወታደር አይወዱም» አለችው።

የታላቅ ወንድሟን የኡዘይርን ነገር ያን ቀን ነገረችው። የባድመ ጦርነት ሲነሣ ለቤተሰቡ ሳይናገር ከጓደኞቹ ጋር ተመዝግቦ ሄደ። መርዶው መጣ። የት እንደተቀበረ ግን እስከ ዛሬ የነገራቸው የለም። ሐጂ ከዚያ ወዲህ መለዮ የለበሰ ሰው ሲያዩ ዓይናቸውን ያዞራሉ።

«ከእኔስ አላዞሩም።»

«አንተን ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ደንበኛ ነው ብለው ነው» አለችው፤ እየሳቀች ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገች።

እንደፈራችው ሆነ። የኢምራን አጎት ሁለት ሽማግሌ ይዞ መጣ፤ ሐጂ በክብር አስተናገዷቸው። ነገሩን ሲሰሙ ግን ድምፃቸው ተለወጠ።

«ለውትድርና አንድ ልጅ ሰጥቻለሁ። ሌላ የምሰጠው የለኝም።»

በማግሥቱ ኢምራን ራሱ መጣ። ለመሰናበት ነበር። ያለበት ሻለቃ ጦር ወደ አብዬ ለሰላም ማስከበር ታዟል። አብዬ በሱዳንና በደቡብ ሱዳን መካከል ያለ፣ ሁለቱም የእኔ ነው የሚሉት መሬት ነው። ሁለቱ ወገኖች አዲስ አበባ ላይ ተቀምጠው ሲስማሙ፣ በመካከላችን የኢትዮጵያ ጦር ይቁምልን ብለው ነበር። ሁለቱም የሚያምኑት ሌላ አልተገኘም። አረብኛ አሳምሮ የሚያውቅ ወታደር ደግሞ እዚያ ከመድፍ ይልቅ ይፈለግ ነበር።

«ስመለስ የግዳጅ ዘመኔ ያልቃል፣ ሐጂ። መለዮውን አስረክባለሁ።»

ሐጂ ዐብዱረሕማን ልጁን አተኩረው አዩት። «ጠልቼህ አይደለም» አሉ ቀስ ብለው። «ልብሱን አውልቀህ ና። ያን ጊዜ በሬ ክፍት ነው።»

ዙሌይካ ከመኪናዋ ጀርባ ነበረች። ሲወጣ እንደ ልማዱ ዞር አለ። «እናቴ ምን እንዳሉ ታውቂያለሽ?» አላት። «‹አብዬ? የሽማግሌ መጠሪያ አይደለም እንዴ? ሽማግሌ ባለበት አገር ልጄ አይጎዳም።›» ሊያስቃት ነበር። ልትስቅለት ሞከረች።

ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ኢምራን እነ ዙሌይካ ቤት ይደውላል። መስመሩ ሲሻው ይቆራረጣል፤ ሲሻው ጎረቤት ያለ ያህል ይጠራል። ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ጭቃው፣ አብሮት ስለሚያድር ተክለ ጊዮርጊስ ስለሚባል የደብር ልጅ ያወራላታል። ተክለ ጊዮርጊስ በጾም ቀን ወተትና ዕንቁላል ሲመጣ ድርሻውን ለኢምራን ይሰጣል፤ ኢምራን ደግሞ በረመዳን ሌሊት መንቃቱ ስለማይቀር የእሱን ዘብ ይቆምለታል ተብሎ ተዋውለዋል።

አንድ ዓርብ ስልኩ ሲጠራ ሐጂ ቀድመው አነሡት። ጆሯቸው ስለከበደ ድምፁን ከፍ አደረጉት፤ ዙሌይካም ሰማች።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉ ሰላምታው እንዳለቀ። «ሰው ገድለሃል?»

ከወዲያ በር ሲዘጋ ተሰማ።

«ከመጣሁ አንድ ጥይት አልተኮስሁም፣ ሐጂ። ሥራዬ ማውራት ነው። ቀኑን ሙሉ ማውራት።»

«ምን ታወራለህ?»

«በበጋ አረቦቹ ከብታቸውን ነድተው ከሰሜን ይወርዳሉ። ውሃው ያለው ዲንካ የሚባሉት የደቡብ ሰዎች መንደር ነው። አምና በዚያ ውሃ ተጋድለዋል። ትናንት አዛዣችን ሻለቃ ላቀው ከየወገኑ አንድ አንድ ሽማግሌ አንድ ዛፍ ሥር አስቀመጠ። ዲንካውም አረብኛ ይችላል፤ እኔ ለሻለቃው ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። ሁለቱም ልጅ ሞቶባቸዋል። መተያየት አቃታቸው። በኋላ አረቡ፣ ‹ልጅህን የት ቀበርኸው?› ብሎ ጠየቀው። ዲንካው ‹አላገኘሁትም› አለ።»

ሐጂ ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ያን ቃል ወደ አማርኛ መመለስ አቃተኝ» አለ ኢምራን። «በአረብኛ ሲሰማኝ የሰውየው ልጅ ነበር። በአማርኛ ሊወጣ ሲል ኡዘይር ሆነብኝ። ሻለቃው ምን አለ እያለ ይጠይቀኛል፤ እኔ አፌ ተያዘ። አረቡ ግን ተነሥቶ ሄደና ዲንካው አጠገብ ተቀመጠ። ሌላ አልተነጋገሩም። ከብቱ ዛሬ ውሃ ጠጣ።»

ሐጂ ስልኩን ለልጃቸው አቀብለው ወደ ጓሮ ወጡ። ዙሌይካ በመስኮት ስታያቸው ለሰላት ውዱእ በያዙት ውሃ ደጋግመው ፊታቸውን ይታጠቡ ነበር።

በማግሥቱ ቁርስ ላይ፣ «የልጁን እናት ከእንፍራንዝ አስመጡልኝ» አሉ።

ወይዘሮ ዐዚዛ ጉርሻቸውን አወረዱ። «ልብሱን አውልቆ ይምጣ ብለው አልነበር?»

«ብዬ ነበር። ልብሱን ነበር የማየው።»

ወይዘሮ ዐዚዛ ነገር ሲጀመር መጨረስ የሚወዱ ሴት ናቸው። ልጃቸው ያለ ኒካህ ከወንድ ጋር ስልክ ስታወራ መክረሟ ሲከነክናቸው ስለነበር ኒካሁ፣ የጋብቻ ውሉ፣ አሁን ይታሰር፣ ሰርጉ ሲመለስ ይሆናል አሉ። እስከዚያ ለጎረቤት አይወራም፤ ዘመድ ሁሉ ለሰርጉ ይጠራል።

የካቲት ውስጥ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሳሎኑ ውስጥ ሸሁ፣ ሁለት ምስክሮች፣ ለኢምራን ወኪል የሆነው አጎቱና እናቱ ሃጂራ ተቀመጡ። ኢምራን በስልክ ይሰማል። እማማ ሃጂራ ቀጭን፣ ሲናገሩ የሰው እጅ የሚይዙ ሴት ነበሩ። ከመጡ ጀምሮ የዙሌይካን እጅ አልለቀቁም።

ሸሁ በወጉ መሠረት ፈቃዷን ጠየቋት። ልጃገረድ በዚህ ጊዜ አትመልስም፤ ዝም ትላለች፤ ዝም ካለች ፈቅዳለች ማለት ነው። ሸሁ ዝምታዋን ተቀብለው ሊቀጥሉ ሲሉ፣

«ፈቅጃለሁ» አለች ዙሌይካ፣ ጮክ ብላ።

ሁሉም ዞረው አዩዋት። ፊቷ ተቃጠለ። «ዝም ካልሁ በስልክ አይሰማውም ብዬ ነው።»

ሴቶቹ ሳቁ፤ ሐጂም ሳይቀሩ። ከስልኩ ውስጥ በመጀመሪያ የኢምራን ትንፋሽ ብቻ ተሰማ። ኒካሁ ታስሮ ሲያልቅ ግን አንድ ሻካራ የወንድ እልልታ ፈነዳ፤ ከኋላው ጭብጨባ ተከተለ።

«እሱ ማን ነው?» አሉ እማማ ሃጂራ።

«ተክለ ጊዮርጊስ ነው፣ እማ። ሚዜዬ።»

ከዚያ በኋላ ስልኩ ዓርብን መጠበቅ ተወ። መስመር በተገኘ ጊዜ ሁሉ ሆነ። ዙሌይካ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዎች እንዳይሰሟት ሳትሠጋ አወራችው።

«ስትመጣ ምን ትሠራለህ?»

«ሐጂ ሱቅ ይቅጠሩኝ እንጂ። ከሱዳኖቹ ጋር እኔ እነጋገራለሁ።»

«ሳትዋሽ ከሆነ።»

«እዚህ መዋሸት ትቻለሁ። እዚህ አንዷ ቃል ከተዛባች ሰው ይሞታል። ማታ ማታ ምላሴ ይደክመኛል፤ ታምኛለሽ? ሰው ምላሱ ሲዝል አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ታዲያ አትናገር። ዝም በል፤ እኔ ልናገር።»

እሱ ዝም ይላል። እሷ የገበያውን ወሬ፣ የጎረቤቱን ጠብ፣ ለሰርጉ የመረጠችውን ጨርቅ ትተርክለታለች። አንድም ቀን እጃቸው ተነካክቶ አያውቅም። ሱሪና ክር ሲቀባበሉ እንኳ በመካከላቸው ጨርቅ ነበር።

ግንቦት ሲጋመስ ሁለት ቀን አልደወለም። አብዬ ዝናብ ጀምሯል፤ መስመሩ ተበላሽቶ ይሆናል ብላ ራሷን አጽናናች።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አቧራ የለበሰ አንድ ጎልማሳ ሱቁ ገባና አቡጀዴ ጠየቀ።

«ምን ያህል ይሁን?»

«ለከፈን ነው። ለአዋቂ የሚበቃ ቁረጪልኝ።»

ሞትን የሚያክል ነገር ሲሰማ እንደሚደረገው፣ «አላህ ይርሐመው» ብላ ጥቅሉን አወረደች። ለክታ መቀሱን አስገባች። «ከየት ነው የመጣኸው፣ አያ?»

«ከእንፍራንዝ። አንዲት ጎረቤታችን አሉ፤ የአንድ ልጃቸው ሬሳ ነገ በአውሮፕላን አዘዞ ይገባል አሉ። ወታደር ነበር፤ ሱዳን። የሃጂራ ልጅ።»

መቀሱ አልቆመም። ዙሌይካ ጨርቁን እስከ ጫፉ ድረስ ቆረጠችው፤ ቀጥ አድርጋ። አጣጠፈችው። በሁለት እጇ ለሰውየው አቀበለችው። ሰውየው ሂሳብ ሲጠይቃት ሂድ እንደማለት እጇን ብቻ አወዛወዘች። እሱ ከወጣ በኋላ የቀረውን ጥቅል አቅፋ መሬት ላይ ተቀመጠች።

መርዶ አርጂዎች ለእናት ሄደዋል። ለሚስት የመጣ የለም፤ በመዝገብ ያልሰፈረች ሚስት ማን ያውቃል? የሚያውቁት እናቱና አጎቱም ለቅሶ ላይ ናቸው።

ቤት ወስደው አስተኟት። ወይዘሮ ዐዚዛ አጠገቧ ተቀምጠው ፀጉሯን እየዳበሱ ብዙ አለቀሱ። ከዚያ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ ኒካሁን የምናውቅ ጥቂት ሰዎች ነን። አልነካሽም፤ አንድ ጣራ ሥር አላደራችሁም። አንቺ ዛሬም ልጃገረድ ነሽ። ዝም ብንል የሚያውቅብን የለም። ነገ ሌላ ሕይወት አለሽ፤ ገና በዚህ ዕድሜሽ ‹ባል የሞተባት› ትባያለሽ?»

ሐጂ በሩ ላይ ቆመዋል።

ዙሌይካ ቀስ ብላ ቁጭ አለች። «እማዬ፣ በሕይወት ቢመጣ ሚስቱ አልነበርሁም?»

«ነበርሽ።»

«ታዲያ ስለሞተ ልካደው?»

እናቷ ልጃቸውን አቅፈው ከእሷ ይልቅ እሳቸው ተንሰቀሰቁ።

በማግሥቱ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ሰው ሞልቶ ነበር። ወታደር ተሰልፏል፤ ከእንፍራንዝ በአውቶቡስ የመጡ ለቀስተኞች፣ ከቅዳሜ ገበያ ሐጂን አጅበው የመጡ ነጋዴዎች ቆመዋል። ነጋዴዎቹ ሐጂ ስለ አንድ ደንበኛ ወታደር ምን ይህን ያህል አስጨነቃቸው እያሉ ይንሾካሾካሉ። ሣጥኑ በሰንደቅ ዓላማ ተሸፍኖ ወረደ። የሰላም አስከባሪነቱ ሰማያዊ ቆብ ከላዩ ተቀምጧል። ስለ አገር፣ ስለ ጎረቤት ሕዝቦች ሰላም፣ ዓለም ስለሰጠው አደራ የሚናገር ንግግር ተነበበ። እማማ ሃጂራ በሁለት ሴቶች ተደግፈው ቆመው ነበር፤ ንግግሩን አልሰሙትም።

መኮንኑ ወረቀቱን አጠፈና፣ «የሟች ቤተሰብ ወደፊት» አለ።

እማማ ሃጂራ ወጡ። አጎቱ ተከተለ።

«ሌላ ቤተሰብ አለ?»

ዙሌይካ ከሴቶቹ መካከል ወጣች። መንገዱ የሚያልቅ አልመሰላትም። የሰው ዓይን ሁሉ ጀርባዋ ላይ ነበር።

«አንቺስ የእኔ እኅት፣ ምኑ ነሽ?»

«ሚስቱ ነኝ።»

ከኋላ ጉምጉምታ ተነሣ። የሐጂ ዐብዱረሕማን ልጅ አይደለችም እንዴ? መቼ አገባች? ሐጂ ጉምጉምታውን ሰንጥቀው መጥተው አጠገቧ ቆሙ። የመለዮ ለባሽ ፊት ማየት ከተዉ ዘመናት የሆናቸው ሰው መኮንኑን ቀና ብለው አዩት።

«ኒካሁን የሰጠሁ እኔ አባቷ ነኝ» አሉ፣ ለሁሉም እንዲሰማ። «የእኔም ልጅ ነው።»

ያን ጊዜ እማማ ሃጂራ የደገፏቸውን ሴቶች ትተው ዙሌይካ ላይ ወደቁ። ዙሌይካ እጇን ዘርግታ ሣጥኑን ነካችው። ጨርቁ ፀሐይ መትቶት ይሞቅ ነበር። ባሏን በሕይወቷ የነካችው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አስከሬኑ በጠዳ በኩል ወደ እንፍራንዝ ሄደ። እሷ ወደ ቤቷ ተመለሰችና ባል የሞተባት ሙስሊም ሴት የምትቀመጠውን ዒዳ፣ አራት ወር ከአስር ቀን፣ ተቀመጠች። ሽቶ አልነካችም፤ ያማረ ልብስ አልለበሰችም። በመጀመሪያው ሰሞን ወሬ ሊያጣሩ የሚመጡ ሴቶች ነበሩ። እያደር ግን የሚመጡት እውነተኛ ለቀስተኞች ብቻ ሆኑ።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ክንዱን በፋሻ ያንጠለጠለ ወታደር መጣ። ስሙን ሳይናገር በሻካራ ድምፁ አወቀችው። ሐጂ ከእሷ ጎን ተቀመጡ።

«የሄድነው የውሃውን ስምምነት ልናድስ ነው» አለ ተክለ ጊዮርጊስ። «ሁለቱ ሽማግሌዎች ዳግመኛ ተገናኙ። በዚህ ጊዜ ተሳሳቁ። ኢምራን ‹ዛሬ ሥራ ፈትቻለሁ፤ ራሳቸው ይግባባሉ› እያለ ነበር። ስንመለስ ዝናቡ መንገዱን አጥቦታል። መኪናችን ከመንገድ ትንሽ ወጣ አለች። ፈንጂ ነው፣ አባቴ። የድሮ።»

ሐጂ ጢማቸውን ያዙ። «ማን የቀበረው?»

«አይታወቅም። ከእነዚህም ይሁን ከነዚያ የሚያውቅ የለም። የቀበረውም ሞቶ ይሆናል።»

«የምንጠላው ሰው እንኳ የለም ማለት ነው» አሉ ሐጂ፣ ለራሳቸው ያህል።

«ምን አለ?» ብላ ጠየቀች ዙሌይካ። «በመጨረሻ የተናገረው አለ?»

ተክለ ጊዮርጊስ ከንፈሩን ነከሰ። ሊዋሽላት ፈልጎ እንደነበር ፊቱ ላይ አየችው። «የለም» አለ። «ምንም አላለም፣ እኅቴ። ወዲያው ነው።»

አመሰገነችው። ከልቧ ነበር።

«በቀብሩ ዕለት ግን» አለ ቆይቶ፣ «ሁለቱ ሽማግሌዎች አብረው ካምፓችን መጥተው ነበር አሉ። አስከሬኑ ሄዷል ሲሏቸው በሩ ላይ ተቀምጠው ዋሉ።»

ዒዳዋ መስከረም ላይ አለቀ። ሐጂ ራሳቸው እንፍራንዝ ወሰዷት። መቃብሩ ላይ ሣር በቅሎ ነበር። እማማ ሃጂራ እጇን ይዘው ቆሙ።

«ልጄን ወደሽልኛል» አሏት። «እሱ ባይኖር እንኳ አልካድሽውም። ከዚህ በላይ አልጠይቅሽም። ሰው ሲጠይቅሽ እሺ በይ፣ የእኔ ልጅ። እዚህ ከእኔ ጋር አትቅሪ።»

ወዲያው እሺ አላለችም። ሁለት ዓመት ፈላጊዎቿን እየመለሰች ስፌቷን ሰፋች። በመጨረሻ አንድ ጠዳ የሚያስተምር፣ ዝምተኛ፣ ታሪኳን አውቆ የመጣ ሰው አገባት። ደግ ሰው ነው። በዓል በመጣ ቁጥር እንፍራንዝ ያደርሳታል፤ እሱ ውጭ ከጎረቤት ጋር እያወራ ይጠብቃል እንጂ ገብቶ አያቻኩላትም።

እማማ ሃጂራ ከጊዜ ብዛት አሳባቸው እየራቀ ሄደ። አንድ ቀን፣ «ኢምራን ደወለ?» ብለው ጠየቋት። ዙሌይካ እውነቱን ነገረቻቸው። ያን ዕለት እንደ አዲስ መርዶ አለቀሱ፤ ጎረቤት ተሯሩጦ ደረሰ፤ ደረታቸውን ሲደቁ በሰው ኃይል ነው የተያዙ። በሳምንቱ መልሰው ጠየቁ። ዙሌይካ ከዚያ ወዲህ ‹ሞቷል› የሚለውን ቃል ከአፏ አውጥታው አታውቅም።

በ2010 ዓ.ም. ዒድ አል አድሐ ሲሆን ሴት ልጇን አዝላ መጣች። አሮጊቷ ከመደባቸው ተቀምጠው ነበር። እጇን ያዙ።

«ልጄ ደወለ?»

«ሥራ ላይ ነው፣ እማማ።»

«ምን ይሠራል?»

«ያስታርቃል።»

«ሰዎቹ ታረቁ ታዲያ?»

የዚያን ሰሞን ስለ አብዬ በሬዲዮ ሰምታ ነበር። ሌላ ሻለቃ ጦር ሄዷል፤ ሌላ ሰው በመካከል ቆሟል፤ መሬቱ ዛሬም የማን እንደሆነ አልተቆረጠም።

«ገና አልታረቁም» አለች።

እማማ ሃጂራ አሰቡ። ራሳቸውን ቀስ ብለው ነቀነቁ። ከዚያ እጇን ጠበቅ አድርገው ወደ እሷ ጎንበስ አሉ፤ በዚያች ሰዓት ዓይናቸው ጥርት ያለ ነበር።

«እንግዲያስ አይቸኩል» አሉ። «እኔ እጠብቃለሁ። በመሐል ጥሏቸው እንዳይመጣ ንገሪልኝ።»

«እነግረዋለሁ፣ እማማ» አለች ዙሌይካ።